የእንዝርት ወንዝ እማኝ

የወንዙ በር የሚከፈተው እማኙ ሲቀመጥ ነው። እማኙ ለምሳ ሲነሳ የብረቱ ፍርግርግ ወርዶ በሩ ይዘጋል፤ ተመልሶ ሲቀመጥ ይከፈታል። ማታ እማኙ ሁለቱን ቃላት ተናግሮ ቀኑን ሲዘጋ ፍርግርጉ ይወርድና እስኪነጋ ይቆያል። ስለዚህ ከጣና ተነስቶ በእንዝርት ወንዝ ሽቅብ የሚሄድ ዓሣ ካለ፣ ሰው እያየው ይሄዳል። ሰው ካላየው አይሄድም።

በ2084 ዓ.ም. ክረምት እማኙ ኬብሮን የሚባል የሃምሳ ዓመት ሰው ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ቤት አለው። የዕጣው መልእክት መስታወቱ ላይ ሲወጣ የአንድ ደንበኛውን ራስ ግማሹን ጨርሶ ግማሹ ይቀረው ነበር። ደንበኛው ከእሱ ቀድሞ አነበበውና «እንኳን ደስ ያለህ፤ መጀመሪያ ግን እኔን ጨርሰኝ» አለው። ከሰፈሩ በዕጣ ወጥቶ የሄደ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ዓመት ሙሉ አንድ ጣቢያ ተቀምጣ ትንኝ ስታይ ቆይታ ተመልሳለች። እስከ ዛሬ ትንኝ ጥዝ ባለ ቁጥር አፏ ሳታዝዘው «አይቻለሁ» ይላል እያሉ ይቀልዱባታል።

እማኝን ያመጣው አዋጅ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከአዋጁ በፊት የምርምር ጽሑፍን ማን እንደሚጽፈው፣ ሰው ይሁን መሣሪያ፣ የማይታወቅበት ጊዜ ነበር። ማንም ያልዘራው ዘር በወረቀት ላይ በቀለ፤ ማንም ያልዋጠው መድኃኒት በወረቀት ላይ አዳነ። ያንን ዘር አምነው የዘሩ ወረዳዎች ባዶ እጃቸውን ከቀሩ በኋላ፣ መንግሥት ለምርምር የሚሰጠውን ሁሉ በአንድ ሁኔታ አሰረው፦ ውጤቱን በዕጣ የወጣ ተራ ዜጋ በዓይኑ ማየት አለበት። ምስል አይበቃም፤ መሣሪያ አይበቃም። ተመራማሪው ራሱ አይበቃም፤ ምክንያቱም ተመራማሪው ውጤቱን ይፈልገዋል። በየጣቢያው በር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፦ የሚፈልግ አይመሰክርም።

እማኙም ቢሆን ፈላጊ መሆን የለበትም። ስለዚህ በየማታው ኮሌታው ላይ ወደተሰካችው፣ «ጆሮ» ወደምትባል ትንሽ መቅጃ ጎንበስ ብሎ ሁለት ቃል ይናገራል። አንደኛው «አይቻለሁ» ወይም «አላየሁም» ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አልተመኘሁም»። ጆሮዋ የሰማችውን ትይዛለች እንጂ እውነት ይሁን ሐሰት አትለይም። እውነቱ የእማኙ ጉዳይ ነው፤ ሥራ ሲጀምር በሃይማኖቱ ይምላል። ኬብሮን፣ እናቱ በየወሩ ትዘክራት ስለነበር፣ በኪዳነ ምሕረት ስም ማለ።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ኤልዳና ስድሳ ዓመት አልፏታል። ከስድስት ዓመት በፊት በእንዝርት የተገኙትን የመጨረሻዎቹን ነጭ ዓሦች እንቁላል በኩሬ አስፈለፈለች። ጫጩቶቹ የጣት ርዝመት ሲደርሱ ከጀርባ ክንፋቸው ሥር ቢጫ ክር እየሰካች ወደ ጣና ለቀቀቻቸው። ነጭ ዓሣ ሲጎለምስ ለመውለድ ወደተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። የጥናቱ ፈቃድ የሚያበቃው መስከረም ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢጫ ክር ያለው አንድ ዓሣ በበሩ ሲያልፍ እማኙ ካየ ጥናቱ ይታደሳል። ካላየ ወንዙን ለሩዝ የገደቡት የመስኖ ሰዎች ግድቡ ላይ የተተወውን የዓሣ በር በኮንክሪት ይደፍኑታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ዓሣ ቢኖርም መግቢያ አይኖረውም።

ከእማኝ ጋር አንቱ እየተባባሉ መነጋገር ግዴታ ነው። ስለ ውጤቱ ማውራት ክልክል ነው። ከእማኝ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ክልክል ነው፤ ጉርሻ በስሙ ተጠቅሶ ተከልክሏል። ስለዚህ ዶክተር ኤልዳና በጣቢያው ሳሎን በአንደኛው ጥግ፣ ኬብሮን በሌላኛው ጥግ፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ይበላሉ። የጣቢያው ዘበኛና ወጥ ሠሪ እንዳላማው የዚያው መንደር ሰው ነው። ደንቡ ስለ ዘበኛ የሚለው ነገር ስለሌለ ምሳውን ግማሹን ከእሷ፣ ግማሹን ከእሱ ጋር ይበላል። «ሰው ብቻውን ሲበላ እያዩ ዝም ማለት ኃጢአት ነው» ይላል። በዚህ ምክንያት ከክረምቱ ወዲህ ወፍሯል።

የዓሣው በር ጠባብ የኮንክሪት ቦይ ነው። ወለሉ ነጭ ተቀብቷል፤ ውሃው ከመዳፍ አይዘልም፤ የሚያልፍ ዓሣ ጀርባው ከውሃ ሳይወጣ ማለፍ አይችልም። ኬብሮን በቦዩ አንድ ዳር ከፍ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በማዶ ዶክተር ኤልዳና ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊቷ ወደ ሩዙ ማሳ፣ ጀርባዋ ወደ ውሃው። እማኙ ቀኑን እስኪዘጋ ድረስ ተመራማሪ ውሃውን ማየት አይችልም። ቤት ገብታ መዋል ትችል ነበር። አትገባም።

ኬብሮን ሠላሳ ዓመት የሰው ማጅራት ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ደንበኛ ፊቱን መደበቅ ይችላል፤ ማጅራቱን ግን አይችልም። ከነጩ ወለል ቀና ባለ ቁጥር የዶክተሯን ማጅራት ያያል። ጎርፍ ያመጣው ግንድ ቦዩ ውስጥ ሲንገጫገጭ ማጅራቷ ይገተራል፤ ግንዱ አልፎ ጸጥ ሲል ቀስ ብሎ ይላላል። በሰኔ ይህን ሲያይ ይስቅ ነበር። በሐምሌ መሳቁን ተወ። ከዚያ ግንድ ሲመጣ የእሱም ልብ መደንገጥ ጀመረ።

ማታ ቀኑን ሲዘጋ እሷ ትነሳና ዞር ብላ ባዶውን ውሃ ታያለች። «አመሰግናለሁ፣ አቶ ኬብሮን» ትለዋለች። ሌላ ነገር አትልም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዳላማው የመጀመሪያውን ግማሽ በልቶ ወደ ኬብሮን ጥግ ሲመጣ ኬብሮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«ምን አለች?»

«ሽሮው ጨው በዝቶበታል አለች።»

«ስለ ዓሣውስ?»

«ጋሼ፣ ጆሮህ ኮሌታህ ላይ ናት። እኔን ልታስበላኝ ነው?»

«አውልቄያታለሁ። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነች።»

እንዳላማው ወደ ካፖርቱ አይቶ ጎረሰ። «ስለ ዓሣው ምንም አትልም። እሷ ብትልም ምን ትላለች፤ የተባለው ሁሉ ተብሏል። አባቴ ነበር የሚያወራው። በነሐሴ ሲመጡ ውሃው ያጨበጭባል ይል ነበር። ጀርባቸው ድንጋዩን ሲመታ ከሩቅ ሰርግ ያለ ይመስላል።»

«አንተ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እኔ በምን ዕድሌ። አባቴም ከአባቱ ሰምቶ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ይኸው እኔ ስናፍቀው የምኖረው የሰው ናፍቆት ነው።»

ኬብሮን ከዚያ በኋላ ሌሊት ጭብጨባ በሕልሙ ይሰማ ጀመር። ማታ ማታ «አልተመኘሁም» ሲል ቃሉን ፈጠን አድርጎ ይናገረዋል፤ ትኩስ ድንች እንደሚውጥ ሰው።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ፣ ጣቢያው ተዘጋ። ፍርግርጉ ወርዷል፤ ጆሮዋ በመሳቢያ ተቀምጣለች። ኬብሮን ከእንዳላማው ጋር ከመንደሩ በላይ ወዳለችው ኪዳነ ምሕረት ሄደ። ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ስለቱን ያስገባል፤ አንዷ ምንጣፍ፣ አንዱ ጧፍ፣ አንዱ በግ። ልጅ ያገኘች ሴት ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየች፤ እልል ተባለ። ኬብሮን ቆሞ ሲያይ ሳያስበው አፉ ተከፈተ።

«ኪዳነ ምሕረት፣ እነዚያ ዓሦች ብቻ ይምጡ። ጃንጥላ አገባለሁ።»

እንዳላማው ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። «ጋሼ፣ ጧፍ ብለህ ብትጀምር ምን ነበረበት? አንዴ ጃንጥላ?»

«ወጣ እኮ። ምን ላድርግ።»

«የወጣ ነገር አይመለስም» አለ እንዳላማው። ወደ ጣቢያው እስኪደርሱ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

በማግሥቱ ማታ ኬብሮን እንደ ወትሮው «አላየሁም፣ አልተመኘሁም» አለ። ባዶ ቀን ነው፤ በባዶ ቀን የተባለ ቃል ማንን ይጎዳል ብሎ ራሱን አሳመነ። ነሐሴ እንዲህ አለቀ። ጳጉሜም እንዲሁ።

በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ኬብሮን መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ነው። እርጥብ ልብስ በድንጋይ ላይ እንደሚመታ። ከዚያ ማዶ ያለው ማጅራት ተገተረ። ከዚያ ነጩ ወለል ላይ የሆነው ሆነ። ኬብሮን ሁሉንም አየ። ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ለጆሮዋ «አይቻለሁ» አለ።

ሁለተኛው ቃል አልወጣም።

አፉን ከፍቶ ጠበቀ። በማዶ ዶክተር ኤልዳና እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ሩዙ እንደዞረች ናት። ቀኑ አልተዘጋም፤ መዞር አትችልም፤ መናገርም አትችልም፤ ተመራማሪ በዚህ ሰዓት ከተናገረ ቃሉ ይበላሻል። ኬብሮን ማጅራቷን አየ፤ ኮሌታው ላይ ያለችውን ጆሮ አየ። ሁለተኛው ቃል አንድ ቃል ነው። ከዚያ በፊት ክረምቱን ሙሉ ብሎታል። ፀሐይዋ ወደ ሩዙ ማሳ እስክትወርድ እንዲሁ ተቀመጡ። በመጨረሻ ጆሮዋ ራሷ «ቃሉ አልተሟላም፤ ጣቢያው ታግዷል» አለች፤ ፍርግርጉም ወረደ። ዶክተር ኤልዳና ዞር ሳትል ተነስታ ወደ ቤት ገባች።

አጣሪዋ ከባሕር ዳር በሁለተኛው ቀን ደረሰች። ወይዘሮ ሜላት ትባላለች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ከዚህ በኋላ የምትሄድባቸው ሌሎች ጣቢያዎች ነበሯት። ኬብሮንን ቢሮ ውስጥ አስቀምጣ፣ ጆሮዋን ከኮሌታው ነቅላ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። እንዳላማው ሻይ አምጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አቶ ኬብሮን፣ አንደኛውን ቃል ሰጥተዋል። ሁለተኛው ቀርቷል። ረስተውት ከሆነ ረሳሁት ይበሉና አሁን ይስጡ። ደንቡ ይፈቅዳል።»

«አልረሳሁም።»

«ደንግጠው ነው?»

«ደንግጬ ነበር። ግን እሱ አይደለም።»

ወይዘሮ ሜላት አየችው። ከዚያ ጆሮዋን አንስታ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው። «እንግዲህ እንደ እህት ልንገርዎ። በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ። አልተመኘሁም ያላለኝ እማኝ አጋጥሞኝ አያውቅም። ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንደዚያ ሲለኝ አምኜው ይመስልዎታል? ቃሉ ደፍ ነው። ይሻገሩትና ይለፉ።»

«ስለት ተስያለሁ።»

«ምን?»

«ለኪዳነ ምሕረት። ዓሦቹ እንዲመጡ። ጃንጥላ።»

አጣሪዋ ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። «ሲሳሉ ማን ሰምቷል?»

«እንዳላማው።»

«አቶ እንዳላማው?»

«እኔ ቅዳሴ ላይ ጆሮዬ አይሰማም» አለ እንዳላማው። «ሐኪም ያውቃል።»

«ይኸው» አለች ወይዘሮ ሜላት። «የሰማ የለም።»

«እሷ ሰምታለች» አለ ኬብሮን። «ሰምታ ሰጠችኝ። በስሟ ምዬ ነው እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። የለመንኩትን ከተቀበልኩ በኋላ በዚያው ስም አልለመንኩም ልበል?»

«ብለው የማያውቁት ነገር አይደለም። ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ በየማታው ብለውታል፤ አዳምጬዋለሁ።»

«እሱ ልክ ነው። አጥፍቻለሁ። ያኔ ግን ባዶ ቀን ነበር፤ የተሰጠኝ ነገር አልነበረም።»

ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ተመኝቻለሁ ካልኩ ምን ይሆናል?» አለ ኬብሮን።

«ቃልዎ ይሰረዛል። ሌላ እማኝ በዕጣ ይወጣል።»

«በስንት ቀን ይመጣል?»

«ሳምንት ቢፈጅ ነው።»

ኬብሮን አሰበ። ዓሦቹ መጥተዋል። ስድስት ዓመት ጠብቀው የመጡ ዓሦች ሳምንት ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ? ከፀጉር ቤት የሚወጣ ደንበኛ እንኳ ወረፋ ካለ ቆይቶ ይመለሳል። ከዓሣ ጋር የኖረ ሰው እንዲህ አያስብም፤ ኬብሮን ግን ከዓሣ ጋር የኖረው አንድ ክረምት ብቻ ነበር። ዶክተር ኤልዳናን ሊጠይቃት ደግሞ አይፈቀድለትም።

«መሳቢያውን ይክፈቱት» አለ።

ወይዘሮ ሜላት ከፈተችው።

«አይቻለሁ» አለ ኬብሮን። «ተመኝቻለሁም።»

ቃሉ የተሰረዘ እማኝ በጣቢያው ግቢ ማደር አይችልም። ኬብሮን ከድልድዩ ማዶ እንዳላማው ቤት አረፈ። ወደ ደብረ ማርቆስ መሄድ ይችል ነበር፤ ስለቱ ግን አልገባም፤ ደግሞም የሚሆነውን ሳያይ መሄድ አልቻለም። እንዳላማው ደጅ ላይ በርጩማ አውጥቶ የመንደሩን ሰው ፀጉር ማስተካከል ጀመረ።

በመጀመሪያው ማታ እንዳላማው ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ምነው?» አለ ኬብሮን።

«ያጨበጭባል።»

«ማን?»

«ውሃው ነዋ። ከፍርግርጉ በታች። ልክ አባቴ እንዳለው ነው። ሲመቱት ይውላሉ።»

«ታዲያ ክፈቱላቸዋ።»

«እማኝ በሌለበት?» እንዳላማው ተቀመጠ። «ዶክተር ባሕር ዳር ደወለች። ለምናለች፤ እሷ ስትለምን ሰምቼ አላውቅም። ያለ እማኝ ፍርግርግ ማንሳት ጥናቱን ማበላሸት ነው አሏት። እሺ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ሄዳ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጥታ።»

«አሁንም?»

«አሁንም። ማየት የታገደ ነው፤ መስማት ክልክል ነው የሚል ግን የለም።»

ኬብሮን መቀሱን አስቀመጠ። የያዘው ደንበኛ «እኔስ?» ሲለው አልሰማውም።

ጭብጨባው ለጥቂት ቀናት ቀጠለ። ዝናቡ ግን በዚያ ዓመት ቀድሞ ወጣ፤ ወንዙ ጎደለ፤ ድምፁም አንድ ጠዋት አልተሰማም። አዲሷ እማኝ ወይዘሮ ሆዳን ከጅግጅጋ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። የጭነት ተሽከርካሪዎች መርሐ ግብር የምታወጣ ሴት ናት፤ ጠንቃቃና ቁም ነገረኛ። ከወንበሩ ላይ ሳትነቃነቅ ትውላለች፤ ምሳዋንም ታሳጥራለች። በየማታው በረጋ ድምፅ «አላየሁም፣ አልተመኘሁም» ትላለች። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ኬብሮን መስከረም አሥራ ስድስት ቀን ከወረታ ያስመጣውን ጃንጥላ ይዞ ኪዳነ ምሕረት ሄደ። ካህኑ ስለቱ ለምን እንደሆነ ጠየቁት። «ለዓሣ» አለ። ካህኑ ትንሽ አመንትተው ለሕዝቡ «ይህ ወንድማችን የለመነው ሰምሮለታል» ብለው ተናገሩ። እልል ተባለ። ኬብሮን እልልታው እስኪያልቅ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ።

መስከረም አለቀ፤ ፈቃዱም አለቀ። የመስኖው ሰዎች ሰኞ እንደሚመጡ አስታወቁ። ወይዘሮ ሆዳን በአርቡ አውቶቡስ ሄደች። ኬብሮንም ለእሑድ ተዘጋጀ።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ኤልዳና ድልድዩን ተሻግራ መጣች። ኬብሮን የአንድ ሽማግሌ ራስ ላይ ነበር። ሽማግሌውን ጨርሶ እስኪሸኝ ድረስ የእንዳላማው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ፊቷን በቀን ብርሃን በቅርብ ሲያየው ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከማጅራቷ ይልቅ ፊቷ ያረጀ መሰለው።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ሳምንት ይጠብቃሉ ብዬ ነው።»

«ለምን እንዳልክ አልጠይቅህም። እሱን ከራስህ ጋር ጨርስ።» አንተ አለችው። ደንቡ አልቋል። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ምን አየህ?»

ለኬብሮን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያላሰበው ነገር ታየው። እሷ አላየችም። ቀኑ ስላልተዘጋ አልዞረችም። ቃሉ ስለተሰረዘ መዝገቡን አታነብም። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ከጀርባዋ፣ አሥር ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፏል፤ ያየው ሰው እሱ ብቻ ነው።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ራሷ መጣ» አለ። «ነጭ ዓሣ ስትሉ ነጭ መስላኝ ነበር። ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ጎኗ የነሐስ ቀለም አለው። ሆዷ ሞልቷል። ወለሉ መሐል ስትደርስ ቆመች። ውሃው አላነሳት አለ። በጎኗ ጋደም አለችና ስንጥቧን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ። የደከማት መሰለኝ። ከዚያ በሆዷ ገፋች።»

«ክሩስ?»

«አለ። ቢጫ ነው ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ነጥቷል። ሽበት ነው የሚመስለው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል።»

ዶክተር ኤልዳና ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። «ብቻዋን ናት?»

«አይደለችም። ከኋላዋ ሁለት አሉ። እነሱ ፈጣን ናቸው፤ ቆሙም አላሉ። ክር የላቸውም።»

ዓይኗን ገለጠች። «ክር ይወልቃል። ቦታው ግን ጠባሳ ይተዋል።»

«ጠባሳ የለም። ፀሐይ ነበር፤ በደንብ አይቻለሁ።»

«ትልልቅ ናቸው?»

«ከእሷ በግማሽ ያንሳሉ።»

«ወንዶች ያንሳሉ» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «በግማሽ ግን አያንሱም። በስድስት ዓመታቸው አይደለም።» እንዳላማው ከጓዳ ወጥቶ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኬብሮን በእጁ ከለከለው።

«ክር የሌለው ዓሣ እኔ አልለቀቅኩም» አለች በመጨረሻ። «እነዚያ የእኔ አይደሉም። ሐይቁ ውስጥ ማንም ሳያሳድጋቸው፣ ማንም ሳያያቸው የኖሩ አሉ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለባሕር ዳር ይነገራቸዋ» አለ እንዳላማው።

«ማን አየ ብለን?»

ዶክተር ኤልዳና ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። «ጥናቱ ተዘግቷል። ጥናት ከሌለ ደንብ የለም፤ ያለ ፈቃድ ወንዝ የሚያይ ሰው ወንዝ የሚያይ ሰው ነው። ከላይ የሚወልዱበት ጠጠር ጋ ልሄድ ነው። ወልደው ከሆነ እንቁላሉ ተፈልፍሏል። ትመጣለህ?»

ሦስቱም በሩዙ ዳር ሽቅብ ሄዱ። ውሃው ጠርቶ፣ በጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ዶክተር ኤልዳና ጫማዋን አውልቃ ገባች።

«ጫጩቶቹ ምን ያክላሉ?» አለ ኬብሮን ከዳር ሆኖ።

«የዓይን ሽፋሽፍት ያህል።»

«በሩ ሰኞ ሲደፈን እዚሁ ታሽገው ይቀራሉ ማለት ነው?»

«አይ። መውረድ ይወርዳሉ። ግድቡ ሲሞላ ከላዩ ፈስሰው ሐይቁ ይገባሉ። መመለስ ነው የማይችሉት።» ጎንበስ ብላ ነበር የምትናገረው። «ከስድስት ዓመት በኋላ መጥተው ግድግዳውን ይመታሉ።»

በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ሁለት መዳፏን በግንባሯ ላይ ለፀሐይዋ ጥላ አድርጋ ፊቷን ወደ ውሃው አስጠጋች፤ የነጠላዋ ጫፍ በጅረቱ ተወስዶ ከፊቷ ተንሳፈፈ። ኬብሮን ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ከአጠገቧ ቆመ። ጠጠር አየ፤ አሸዋ አየ፤ የራሱን ጥላ አየ። ጥላው እንዳይጋርዳት ወደ ኋላ ራቅ አለ።

«ይታያል እንዴ?» አለ።

«ዝም በል» አለችው። «እያየሁ ነው።»